የኤሌክትሪክ መኪናዬን ራዲያተር ጭድ ሞላው፤ ወንፊት ላሠራለት ወይስ እየከፈትሁ ልጠብ?

የአዘዞ መንገደኛ
ታህሳስ 6፣ ከምሽቱ 2:40

እንደምን አመሻችሁ ወገኖች። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ከነዝርዝሩ ካልነገርኋችሁ ግን የምትሰጡኝም ምክር ጎደሎ ይሆናል።

መኪናዬ ቮልስዋገን አይዲ 4 ናት። ቤቴ አዘዞ፣ ሥራዬ ጎንደር ፒያሳ ነው፤ ዳገቱን በየቀኑ እመላለሰዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ወደ ቆላድባ እወርዳለሁ። የደምቢያን መንገድ በዚህ ወር የሄደበት ያውቀዋል። ጤፉ ታጭዶ ውቂያ ላይ ነው፤ ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊትህ ከገባ መንገዱ በሙሉ ብናኝ ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን ተከትዬ ግማሹን መንገድ ሄድሁ፤ ማለፊያ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አስተዋልሁ። ማታ ቤት ቻርጅ ላይ ስሰካት ቬንትሌተሯ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በፊት ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ ነበር፤ አሁን ጎረቤቴ ግንቡን ተሻግሮ ይሰማዋል። ሌላው፣ ቆሜ ሰው ስጠብቅ ኤሲው ለብ ያለ አየር ይሰጠኛል፤ መንገድ ስጀምር መልሶ ይቀዘቅዛል።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በርከክ ብዬ የስልኬን መብራት በታችኛው ፓራውልት ፍርግርግ አስገብቼ አየሁ። ጭድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የተቀደደ ፌስታል፣ የዶሮ ላባ። ከዚያ ኋላ ያለው ራዲያተሩ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም፤ ብቻ ቀዳዳው አይታይም።

የሸጠልኝ ሰው «ሞተር ስለሌላት የራዲያተር ጣጣ የለባትም» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ያለው እንዳልሆነ በዓይኔ አየሁ። የምጠይቃችሁ እንዴት እንደሚጸዳና ሁለተኛ እንዳይገባ ምን እንደማደርግለት ነው። ከፊት ወንፊት ያሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ማራኪ 7
ታህሳስ 6፣ ከምሽቱ 3:15

ወንድሜ እኔ ይህን ነገር ከስምንት ወር በፊት ገላግዬዋለሁ። መኪናዬ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ናት። ለመስኮት የሚሆነውን የትንኝ ወንፊት ገዝቼ፣ በልኩ ቆርጬ፣ ከታችኛው ፍርግርግ ኋላ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርሁት። ዋጋው ከምሳ አይበልጥም። ጭድ ቀርቶ ትንኝ አታልፍም። ሰው ካማከርኸው ነገሩን ያወሳስብብሃል፤ አንተ ነገ ግዛና እሰር።

ኮፈን ክፈት
ታህሳስ 6፣ ከምሽቱ 4:02

አዘዞ፣ ሳታስረው በፊት ስማኝ። የምተዳደረው በመካኒክነት ነው፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ናቸው። በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ እኛም ሙያችንን ከእንደገና መማር ነበረብን።

በመጀመሪያ የሸጠልህ ሰው ተሳስቷል። ሞተር አላት። ሞተሩ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚለውጠው ኢንቨርተር፣ ባትሪውና ውስጧ ያለው ቻርጀር ሁሉም ይሞቃሉ። ማታ ስትሰካት የሚጮኸውም ለዚህ ነው፤ ከግድግዳ የመጣውን 220 ቮልት ለባትሪው እንዲሆን አድርጎ የሚለውጠው ቻርጀር መኪናዋ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ሙቀቱም የሚወጣው በዚያው በፊቱ ራዲያተር ነው። የአይዲ 4 ሞተር ከኋላ ሆኖ ሳለ እንኳ ኩላንቱ (የማቀዝቀዣ ፈሳሹ) በቱቦ ወደ ፊት መጥቶ ነው የሚቀዘቅዘው።

በመብራት ያየኸው ራዲያተሩን ሳይሆን የኤሲው ጋዝ የሚቀዘቅዝበትን ኮንደንሰር ነው። አደራደሩ እንዲህ ነው፦ ከፊት ኮንደንሰር፣ ከሱ ኋላ ራዲያተር፣ ከሁለቱም ኋላ ቬንትሌተር። ቬንትሌተሩ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚስብ ቆሻሻው የሚለጠፈው ኮንደንሰሩ ላይ ነው። ስትሄድ ነፋሱ ራሱ እየገፋ ይገባል፤ ስትቆም ግን ቬንትሌተሩ ብቻውን ይቀራል፣ መሳብ ያቅተዋል። ኤሲህ ቆመህ ለብ፣ ሄደህ ቀዝቀዝ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። «ጋዝ አንሷታል» ብሎ ጋዝ ሊሞላ የሚነሳ ባለሙያ ቢያጋጥምህ እሺ አትበል፤ አስቀድሞ ይጸዳ።

ለምን ይህን ያህል ቆሻሻ ከታች ይገባል ብትል፣ የድሮ መኪና አየር የሚያስገባው ከላይ በፊቱ ፍርግርግ ነበር። እነዚህ ግን ነፋስ እንዳይዛቸው ላይኛው ፊታቸው ተደፍኗል፤ አፋቸው ከታች፣ ለአስፋልቱ ቅርብ ነው። ከፊትህ ያለው መኪና ጎማ የሚያነሳው ሁሉ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ብዙዎቹ ከኮንደንሰሩ ፊት በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ክንፍ አላቸው፤ ማቀዝቀዝ ሳያስፈልግ ሲቀር ይዘጋል። ጭድ መገጣጠሚያው ላይ ከገባ ክንፉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ዳሽቦርድ ላይም መብራት ያመጣል። ይህን ሁለት መኪና ላይ አይቻለሁ።

አሁን አጽዳው ስልህ እንዴት የሚለውን ልንገርህ፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው በቆሻሻው ሳይሆን በማጽዳቱ ነውና።

ቻርጀሩን ንቀል። መኪናዋን አጥፋና ቁልፏን ከሷ አርቀህ አስቀምጥ፣ ጥቂትም ጠብቅ። የኤሌክትሪክ መኪና ቬንትሌተር ቆማም ቢሆን ሙቀት ከተሰማት በራሱ ይነሳል፤ ጣት እዚያ ከነበረ ምሕረት የለውም። ብርቱካናማ ኬብል (ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ነው) ያየህበት ቦታ እጅህም ውሃም አይድረስ።

ቀጥሎ ፓራውልቱ ይወርዳል። እግረ መንገድህን የታችኛውን የፕላስቲክ ሽፋን ተመልከት፤ ቡሎኖቹ ጎድለው ከተንጠለጠለ ጠጠሩ የሚገባው በዚያም ነው። ከዚያ ደረቁን በእጅና ለስላሳ ብሩሽ አንሳ። ኮንደንሰሩ ላይ ያሉት የአሉሚኒየም ቅጠሎች እንደ ወረቀት ስስ ናቸው። ብሩሹን ቅጠሉ በተሠራበት አቅጣጫ ብቻ ሂድበት፤ ከተሻገርኸው ይተኛል፣ የተኛ ቅጠል ደግሞ አየር አያሳልፍም። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ላስነፋው ካልህ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃል፤ አፉን አንድ ክንድ ያህል አርቀህ ፊት ለፊት፣ በጎን አይሆንም።

ውሃው ከኋላ ወደ ፊት ነው መሄድ ያለበት፤ በገባበት እንዲወጣ። በተራ የአትክልት ጎማ፣ ያለ ግፊት። የደረቀ ጭቃ ካለበት እርጠበውና ሩብ ሰዓት ተወው፣ ከዚያ እንደገና። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ ይሆናል። በረኪና፣ አሲድ፣ ናፍጣ አይነካውም። ላቫጆ ቤቶች የድሮውን ሞተር በናፍጣ ማጠብ ለምደዋል፤ እዚህ ላይ ናፍጣ አቧራውን አጣብቆ ያስቀረዋል።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፦ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ ዙሪያ የስፖንጅ ማሸጊያ አለ። ስትፈታ ቢወድቅ አትጣለው። አየሩ በቅጠሎቹ መካከል እንጂ በጎን እንዳያመልጥ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ጭዱም ወደ ሁለቱ መካከል የሚገባው ስፖንጁ በጎደለበት ነው።

ማራኪ 7፣ ያንተን ወንፊት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የዩዋን ፕላስ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በኩላንት አይደለም፤ በቀጥታ በኤሲው ጋዝ ነው። የቢዋይዲ ዶልፊንም እንዲሁ ነች። ስለዚህ ያንተ ኮንደንሰር አየር ካጠረው ተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ባትሪውም ይሞቅብሃል። አንድ ቀን ከፍተህ እንድታየው እለምንሃለሁ።

ቁስቋም ሥር
ታህሳስ 7፣ ከጠዋቱ 1:20

የመካኒኩ ወንድማችን ያለውን በሙሉ እደግፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ትምህርት ከዚህ ጋር ስለሚነካካ ቁጥሩን ልስጣችሁ፤ ነገሩ ከከተማችን ከፍታ ጋርም ይያያዛል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ነች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቬንትሌተሩ በደቂቃ የሚስበው መጠን ያው ሆኖ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው የአየር ክብደት ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላ አገር ቆሻሻን የምትችል መኪና እዚህ ላትችል ትችላለች፤ ከመነሻው ትርፍ የላትምና።

ሌላም አለ። የቤንዚን ሞተር ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚሠራው። ውጩ 30 ዲግሪ ቢሆን በውሃውና በአየሩ መካከል 60 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ኩላንት ግን ብዙ ጊዜ ከ60 በታች ነው፤ ባትሪውም ከ40 ዲግሪ ብዙ እንዲያልፍ አይፈለግም። የሚያመነጩት ሙቀት ከቤንዚን ሞተር እጅግ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ያንኑ ትንሽ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር ይጠይቃሉ። አየሩን የከለከለ ነገር ሁሉ ቶሎ የሚሰማቸው ለዚህ ነው። መተማ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከባሕር ጠለል 7 መቶ ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ነው የሚገባው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። በቆሻሻ የተሞላ ራዲያተር ይዞ ከዚያ ዳገቱን መመለስ አይመከርም።

ወንፊቱን እናስላው። ሽቦው 1 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ከሆነ ክፍቱ ቦታ ስድስትን ለሰባት አካፍለህ በራሱ ስታባዛው ነው፤ 73 በመቶ። ቀዳዳው 10 ቢሆን 83 በመቶ። የመስኮት ወንፊት ቀዳዳው 1.2፣ ክሩ 0.3 ሚሊሜትር ነው ብንል 64 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል። ግን ይህ አዲስ ሳለ ነው። የስድስቱን ቀዳዳ አቧራ አይደፍነውም፤ የመስኮቱን ግን የጎንደር የበጋ አቧራና አንድ ሌሊት ጤዛ ይበቁታል።

ማራኪ 7
ታህሳስ 7፣ ከጠዋቱ 2:05

ሂሳቡን አልክድም፤ አስተማሪም አከብራለሁ። ነገር ግን ስምንት ወር ሙሉ ነድቼ አንድም መብራት አልበራብኝም። ኤሲዬም ይሠራል። በወረቀት ላይ የሚታየውና መንገድ ላይ የሚታየው አንዳንዴ ይለያያል። ትልቅ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ጭዱን ካሳለፈው ምን ሊጠቅም ነው?

ኮፈን ክፈት
ታህሳስ 7፣ ከጠዋቱ 2:31

ጥያቄህ ትክክል ነው። ትልቁ ቀዳዳ የደቀቀ ጭድና እብቅ አያቆምም። የሚያቆመው ጠጠርን፣ ፌስታልን፣ ቅጠልን፣ ላባን ነው። ጠጠሩ ኮንደንሰር ይበሳል፤ ፌስታል በአንዴ ግማሹን ይደፍናል። እብቁን ግን የሚያወጣው እጅ ብቻ ነው። ወንፊት ከሆነ ነገር ያድናል፣ ከማጠብ ግን አያድንም።

የድሮ ሎንቺና
ታህሳስ 7፣ ከቀኑ 6:10

ልጆቼ፣ እኔ የኤሌክትሪክ መኪና የለኝም፤ ልጄ ገዝቷት ነው ይህን የማነበው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ሊማሊሞን ወርጄ ወጥቻለሁ፣ መተማም ሁመራም ሰሊጥ ጭኛለሁ።

ያኔም ይኸው ችግር ነበረብን። በቆላው መንገድ ከመስከረም እስከ ህዳር ማታ ስትነዳ መብራት የሚከተለው ነፍሳት እንደ ዝናብ ነው። ሲነጋ ራዲያተሩ ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ውሃ ማፍላት ይጀምራል። መፍትሔያችን የሽቦ ወንፊት ነበር፤ ግን ቋሚ አልነበረም። ከላይ በሁለት መንጠቆ ይንጠለጠላል። ነዳጅ ስንቀዳ፣ ቡና ስንጠጣ ረዳቱ ነቅሎ ጎማ ላይ ሁለቴ ይመታዋል፣ ይመልሰዋል። በመንገድ አራት አምስት ጊዜ። ወንፊት ሰውን የሚጠቅመው ሲራገፍ ነው። ቤትስ ዱቄት ነፍታ ወንፊቱን ሳታራግፍ ሌላ የምትጨምር ሴት አለች?

ስለዚህ ማራኪ የሚባለው ልጄ፣ ያሰርኸውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰርህ ነው ያልወደድሁልህ። ለማውጣት መቁረጥ ካለብህ አታወጣውም። ስምንት ወር ሙሉ አንዴ አውጥተኸዋል?

ነፍሳት የደረቀበትን ደግሞ አትፈግፍጉት። ጋዜጣ በውሃ ነክራችሁ ለጥፉበት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ በራሱ ይለቃል። በጎርጎራ በኩል ማታ የሚመለስ ሁሉ ይህን ይያዝ፤ የጣና ዳር ትንኝ ሲመሽ ብዙ ነው።

ጠዳ ነኝ
ታህሳስ 8፣ ከምሽቱ 1:45

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። እኔም የደረሰብኝን ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

ዓምና ክረምት ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርስባት መኪና ከፊት ጭቃ ሞልቷት ላቫጆ ወሰድኋት። «ፊቷን በደንብ እጠቡልኝ» አልሁ፤ ጥፋቴም ያ ነው። ልጁ በቅንነት የከፍተኛ ግፊቱን ውሃ ከክንድ ባነሰ ርቀት አስጠግቶ ጠራረገልኝ። አፀዳሁ ብሎ ነው፤ አልከፋብኝም። የኮንደንሰሩ ቅጠል ግን ከግማሽ በላይ ተኝቶ ቀረ። ከሩቅ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ያበራል። የሚያበራውም ቅጠሉ ስለተኛ ነው። ከዚያ ጀምሮ ኤሲው ደከመ።

ጥር ላይ ደግሞ ጠጠር መታው። ጋዙ አለቀ። የወሰድሁበት ጋራዥ ብየዳ አድርጎ ጋዝ ሞላልኝ፣ ዘይትም ጨመረልኝ። አንድ ሳምንት ሠራ። ከዚያ መኪናዋ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣችና አልነሳም አለች። ሌላ ባለሙያ ሲያየው ስህተቱ ዘይቱ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕሬሰር የሚዞረው በቀበቶ ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ በሚመጣ ከፍተኛ ቮልት ነው፤ ሞተሩ ዘይቱ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ፖሊኦል ኤስተር የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ለኔ የተጨመረው በቤንዚን መኪና የተለመደው ፓግ ነበር፤ እሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። መኪናዋ ቮልት ወደ አካሏ ሲያመልጥ ለየችና ራሷን ዘጋች። ልጆቼ ውስጧ እያሉ ያ ነገር እንዳልከፋ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ኮምፕሬሰሩም ኮንደንሰሩም ተቀየረ። ገንዘቡን ልጠራው አልፈልግም። ሁሉም የጀመረው ከጭቃና ከአንዲት ጠጠር ነው። ስለዚህ ጠጠር የሚያቆም ወንፊት ቢኖረኝ ኖሮ እላለሁ። ጋራዥ ስትሄዱም ምን ዘይት እንደሚጨምሩ ጠይቁ፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን በዓይናችሁ እዩ።

ኮፈን ክፈት
ታህሳስ 8፣ ከምሽቱ 2:20

እህቴ በጣም አዝናለሁ። ያልሽው ዘይት ነገር በደንብ ሊታወቅ ይገባዋል። ፓግ የነካ መሙያ ማሽንና ቱቦ እንኳ ለኤሌክትሪክ መኪና መጠቀም አይገባም፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት ይበቃል። የተኛውን ቅጠል ስስ በሆነ የፕላስቲክ ማበጠሪያ አንድ በአንድ ማቃናት ይቻላል፤ ግማሹ ከተኛ ግን እንዳደረግሽው መቀየሩ ነው የሚሻለው።

የአዘዞ መንገደኛ
ታህሳስ 13፣ ከምሽቱ 3:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምረን እስከ ስምንት ሰዓት ሠራን፤ ታናሽ ወንድሜ ረዳኝ። ካልሁት በላይ ነበር።

ፓራውልቱ ሲወርድ የታች ሽፋኑ አራት ቡሎን ጎድሎት ተገኘ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ኮንደንሰሩ ፊት ላይ ከታች በኩል አንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ነገር ተለጥፎ ነበር። ስነካው ደንጋያማ ነው። ወንድሜ «ይህማ ምርጊት ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። ጭቃ ቤት የምንመርገው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ አቡክተን አይደል? የክረምቱ ጭቃ በላዩ ነበረ፣ የታህሳሱ ጭድ ሲጨመርበት፣ ከኋላው ሙቀት ሲያገኘው እንደ ግድግዳ ጠጠረ። እናቴ ቤት ያለው ግድግዳ አርባ ዓመት ቆሟል፤ ይኸኛውም በራሱ የሚለቅ አልነበረም።

ሁለት ጊዜ አርጥበን ጠበቅን። ሦስተኛው ላይ በጣት ሲነኩት እንደ ሊጥ ለቀቀ። ከኋላ በኩል ጎማውን አስገብተን ያለ ግፊት ስንለቀው በፊት የወጣው ውሃ ለረጅም ጊዜ ቡናማ ነበር። ውሃው ጥርት እስኪል ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ደግሞ፣ ኮፈን ክፈት እንዳልኸው፣ በግራ በኩል ስፖንጁ ተገልብጦ ነበር፤ በዚያ የገባ አንድ እፍኝ ሙሉ ገለባ አወጣን። እሱን ከውጭ መቼም አላየውም ነበር።

ስፖንጁን መልሰን ቡሎን ገዝተን ሽፋኑን አሰርነው። ከሰዓት ሰካኋትና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ግን ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም። ቆማ ኤሲውን ከፈትሁ፣ እጅ ያደነዝዛል።

ወንፊቱን ገና አላሠራሁም። ጋሼ እንዳሉት የሚነቀል እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አንገረብ ማዶ
ታህሳስ 13፣ ከምሽቱ 3:40

እንኳን ደስ ያለህ። ወንፊት ልታሠራ ካሰብህ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኔ መኪና ከፊት ያለውን መኪና ርቀት የምታውቅበት ራዳር አላት፤ የተቀመጠውም ከታችኛው ፍርግርግ መሐል ነው። ከፊቱ የብረት ወንፊት ስጋርደው ወዲያው «ሴንሰር ተዘግቷል» አለችኝ፤ በራሱ የሚይዘው ፍሬንም ሥራ አቆመ። ራዳር በብረት ውስጥ አያይም። ያለበትን ቦታ ቆርጬ ክፍት ከተውሁለት ወዲህ ችግር የለም። ሳትቆርጥ በፊት የራስህ የት እንዳለ እይ።

የአዘዞ መንገደኛ
ታህሳስ 13፣ ከምሽቱ 3:52

ይህን ባትነግረኝ ኖሮ ሙሉውን እጋርደው ነበር። አመሰግናለሁ። ምን ዓይነት ሽቦ ተጠቀምህ? ከየትስ ገዛህ?

አንገረብ ማዶ
ታህሳስ 13፣ ከምሽቱ 4:10

ቅዳሜ ገበያ ብረታ ብረት ከሚሸጡት ዘንድ። ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር፣ ሽቦው 1 ሚሊሜትር ነው። የማይዝገውን ውሰድ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ርካሹ አንድ ክረምት ላይ ዝጎ ይበጣጠሳል፣ ፍርፋሪውም ኮንደንሰሩ ላይ ነው የሚወድቀው። ጠርዙን በተሰነጠቀ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሸፍነው፤ ካልሆነ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ፕላስቲኩን ይበላዋል። የፊት መዝጊያ ክንፍ ካላት ክንፉ ሲከፈት ወንፊቱን እንዳይነካ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገው።

ቁስቋም ሥር
ታህሳስ 13፣ ከምሽቱ 4:30

8 በ1 ማለት 79 በመቶ ክፍት ነው። ጥሩ ምርጫ ነው።

ማራኪ 7
ታህሳስ 15፣ ከምሽቱ 1:05

የድሮ ሎንቺና የጠየቁኝን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ቆየሁ። አንዴም አውጥቼው አላውቅም ነበር። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሰሪያዎቹን ቆርጬ አወጣሁት።

ወንፊቱን ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጌ ሳየው ከታችኛው ግማሽ ብርሃን አያልፍም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አቧራ ተጋግሮበታል፤ የትንኙ ክንፍ እንደ ሙጫ አያይዞታል። ኮንደንሰሩ ግን እውነትም ንጹሕ ነው፣ ምንም አልገባበትም፤ አየርም አልገባበትም ነበር ማለት ነው። አውጥቼው ስነዳ ኤሲው ከበፊቱ እጅግ ፈጥኖ ቀዘቀዘ። ቀስ በቀስ ስለደከመ አልታወቀኝም ነበር። ስምንት ወር ባትሪዬን ያለ በቂ አየር ስነዳው መኖሬ አሳዝኖኛል። አዘዞ፣ «ነገ ግዛና እሰር» ስላልሁህ ይቅርታ። ጋሼ፣ እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ።

የድሮ ሎንቺና
ታህሳስ 15፣ ከምሽቱ 2:15

እሰይ ልጄ። ማየትህ ነው የሚበልጠው። ጠንካራውን ወንፊት አሠራና ከላይ በሁለት መንጠቆ፣ ከታች በአንድ ጎማ ያዘው። በእጅ ብቻ የሚነቀል ይሁን፤ ካቻቢቴ የሚፈልግ ነገር አይራገፍም።

ጠዳ ነኝ
ታህሳስ 15፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ፣ በስንት በስንት ቀን ይራገፍ ይላሉ? የኔ መንገድ ከጠዳ እስከ ከተማ ድረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ብዙም አልሄድም።

የድሮ ሎንቺና
ታህሳስ 15፣ ከምሽቱ 3:20

ከተማ ብቻ ከሆነ ሳምንት ሳምንት እሑድ ይበቃል። ግን የኮሪደር ሥራው ባለበት ሰፈር የምታልፊ ከሆነ የሲሚንቶና የአፈር ብናኙ ብዙ ነው፤ ሁለቴ አድርጊው። ጭድ የጫነ መኪና የተከተልሽ ቀን ግን ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ያኑ ማታ።

ኮፈን ክፈት
ታህሳስ 15፣ ከምሽቱ 3:45

ጋሼ ባሉት ላይ፣ ወንፊቱ ምንም ያህል ቢራገፍ ፓራውልቱን አውርዶ ከኋላ ወደ ፊት ማጠቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል። አንዱ መስከረም ላይ፣ የክረምቱ ጭቃ ሳይጠጥር። ሌላው ውቂያ ሲያልቅ፣ ከጥምቀት በኋላ። ጥምቀት ሳምንት ላይ አታምጡት፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኛም ሥራ ይበዛብናል፣ ተቻኩሎ የታጠበ ኮንደንሰር ደግሞ የጠዳዋ እህታችን የገጠማት ነው። ጥር 15 አካባቢ ረጋ ሲል አምጡት። ራሱ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያውን አብሬው ቆሜ አሳየዋለሁ።

የአዘዞ መንገደኛ
ታህሳስ 20፣ ከምሽቱ 2:10

ወንፊቱ ዛሬ አለቀ። 8 በ1፣ የማይዝገው፣ በሁለት መንጠቆና በአንድ ጎማ። የራዳሩ ቦታ ክፍት ነው፤ እስከ አዘዞ ድረስ ነድቼ ምንም ማስጠንቀቂያ አልመጣም። ከሰዓት ቆላድባ ሄጄ ተመለስሁ፤ ሲመሽ በር ላይ ነቅዬ ጎማው ላይ ሁለቴ መታሁት። ሁለት ትልልቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የፌስታል ቁራጭ፣ አንድ እፍኝ የሚሆን ረጃጅም ጭድ፣ ደግሞም የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ጠጠሮች ነበሩበት። ጠጠሮቹን ለጠዳዋ እህቴ ብዬ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ፤ ከታች ለጥፌዋለሁ።

ጠዳ ነኝ
ታህሳስ 20፣ ከምሽቱ 2:35

የመሐለኛዋ የኔን የበሳችውን ታክላለች። ነገ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሰው እልካለሁ። ስፋቱን ስንት በስንት አስቆረጥኸው?

የአዘዞ መንገደኛ
ታህሳስ 20፣ ከምሽቱ 2:41

የኔ ልክ ላንቺ አይሆንም፤ መኪናችን ይለያያል። ካርቶን ወስደሽ ፍርግርጉ ላይ ደግፈሽ በእርሳስ ዙሪያውን ሳዪው፣ ያንን ስጪያቸው። እኔም እንደዚያ ነው ያስቆረጥሁት፤ ካርቶኑን ያዢው፣ ለሚቀጥለውም ይሆንሻል።